በርሜሉን ዘይት ቀብቼ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ዝገቱ ከየት መጣ?

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጠመንጃዬ ግን እንደ እኔው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በመንግሥት መጋዘን ሲከማቹ የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ሲሸጡ እኔም አንድ ገዛሁ፤ ቤልጅየም ውስጥ በኤፍ ኤን ፋብሪካ ለኢትዮጵያ የተሠራ አጭር ማውዘር፣ የይሁዳ አንበሳ የታተመበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ወስጄ አርባ ጥይት ተኮስኩበት። ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዩጎዝላቪያ የተሠራ 7.92 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሸጠልኝ ሰው በርሜል እንደማይበላ ምሎልኛል። ቤት ስገባ ጨርቁን በዘንግ ሁለት ሦስቴ አመላለስኩ፣ ዘይት ጠገብ አድርጌ ቀባሁ፣ ከአባቴ በወረስኩት የቆዳ ማኅደር ከትቼ ምድር ቤት አስቀመጥኩት። ባለፈው ቅዳሜ ሳወጣውና ጨርቅ ሳሳልፍበት ጨርቁ በርበሬ የነካው መስሎ ወጣ።

እሑድ ማታ በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ የጠየቅሁት እንግዲህ ይህንን ነው፤ ዘይት ዝገት ካልከለከለ ምን ይከለክላል? በአንዱ ተኩስና በሚቀጥለው መካከል እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? በአራት ቀን 23 መልስ መጣ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ የእኔው ነው። እንዳለ ልገለብጠው አልፈለግሁም፣ ሩቡ ስድብ ነው። የቀረውን ግን በተራው ላውጋችሁ።

1ኛው መላሽ ዴንቨር የሚኖር ጨዋ ሰው ነው። በጠመንጃው እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና፣ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዘይት በቀር በርሜሉ ውስጥ ያስገባው ነገር እንደሌለ፣ ዝገት የሚባል አይቶም እንደማያውቅ ነገረኝ። ጥፋቱን የጣለው በዘይቱ ዓይነት ላይ ነው። 2ኛው ከሲያትል፣ የዴንቨሩ ሰው ዝገት ያላየው በዘይቱ ሳይሆን በአገሩ አየር እንደሆነ አስታወሰው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ናት፤ የቨርጂኒያ ምድር ቤት ደግሞ ሐምሌ ላይ ግድግዳው ራሱ ላብ ያወጣል። ሁለቱም ስለ ጥይቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

3ኛው ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን በጣሳ የሚነፋ ቅባት ንፋበትና ተገላገል የሚል ነበር፤ የቤቱ በር ሲንቋቋ የሚያደርገው እሱን ነውና። 4ኛው አልማረውም። በርና ጠመንጃ የማይለይ ሰው እዚህ ምን እንደሚሠራ ጠይቆ፣ ቀጥሎ በመምህር ቃና አስተማረው፦ ሁለቱ ፊደላት ውሃን መግፋት የሚሉት ቃላት መነሻ ናቸው፣ 40 ቁጥሩ ቀመሩ በ40ኛው ሙከራ መገኘቱን ያሳያል፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሲሠራም ለበር አልነበረም፣ የአትላስ ሚሳይል አካል እንዳይዝግ ነበር። ከተነፋ በኋላ አብዛኛው ይተንና ስስ ሽፋን ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ ለወራት ማስቀመጫ አይታመንም። ያለው ሁሉ ልክ ነው። ስድቡ ግን ትርፍ ነበር፣ በተለይ ያው ጣሳ በኋላ ለሥራ ሊፈለግ።

5ኛዋ መላሽ ሜሪላንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። ከሁሉ ቀድማ ጥይቱን የተመለከተችው እሷ ናት። በቀለሁ ቂጥ ላይ መርፌው የሚመታት ትንሽ ቆብ አለች፤ የዚያ ዘመን የዩጎዝላቪያ ጥይት ቆብ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ፤ ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል። ይህ ደግሞ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። አርባ ጥይት ስተኩስ በርሜሉን አርባ ጊዜ በጨው አጥኜዋለሁ ማለት ነው። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም። እኔ ጨዉን አላነሳሁትም፣ በዘይት ብርድ ልብስ አልብሼ አስተኛሁት እንጂ። የአየሩ እርጥበት ከፍ ሲል፣ 84 በመቶ ገደማ ሲደርስ፣ ጨዉ ከአየሩ ውሃ ስቦ ይቀልጥና በዘይቱ ሥር ብረቱን ይበላል። ክረምት ላይ የጨው ዕቃ ክዳን ስንከፍት የምናየው ርጥበት ያው ነው አለች። መድኃኒቱን በመጨረሻ ጻፈችው፤ ውሃ። ሙቅ ውሃ በበርሜሉ ውስጥ ማፍሰስ፣ ማድረቅ፣ ዘይት ከዚያ በኋላ።

ይህንን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የተመለስኩበት። ብረት ላይ ውሃ! 6ኛውም ያለው ይህንኑ ነበር፣ ግን በክፉ አፍ። በሕይወቱ ጠመንጃውን ያጠበ ወንድ አይቶ እንደማያውቅ፣ መምህሯም ምጣድ እንጂ ጠመንጃ ይዛ የምታውቅ እንደማይመስለው ጻፈ። እሷ መልስ አልሰጠችውም።

የመለሱለት 7ኛው፣ ዳላስ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ወግ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ከሰላምታው አስረዝመው ነው የጀመሩት። አያታቸው ወሎ ውስጥ ውጅግራ ነበራቸው። ከሠርግም ከለቅሶም ተኩሰው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጠላ አይደለም፣ የፈላ ውሃ ነው። ጥይቱን አውጥተው፣ ማቀባበያውን ነቅለው፣ አፈሙዙን ወደ ታች ደፍተው ከኋላ በኩል ያፈሱበታል፤ የሚወጣው ውሃ እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። እስኪጠራ ደጋግመው ያፈሱና በጨርቅ ወልውለው፣ ጨው ያልነካው ሞራ አቅልጠው ይቀቡታል። አዛውንቱ በልጅነታቸው ውሃ አቅራቢ ነበሩና ቀዝቅዞ ከደረሰ ቁጣ አለ። ምክንያቱ የገባቸው ካደጉ በኋላ ነው፤ የፈላው ውሃ ብረቱን ስለሚያሞቀው የቀረውን ርጥበት ብረቱ ራሱ ያደርቀዋል።

እዚህ ላይ ከሜሪላንድ ያለችው እህት ባትጽፈውም እኔ የማውቀውን ልጨምር። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ነው፣ የ1874ቱ ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ብዙ አመድ ይተዋል፤ አመዱም ውሃ ይስባል፣ በውሃም ይሟሟል። ምክንያቱ ከዩጎዝላቪያው ጥይት ይለያል፣ እጥበቱ ግን አንድ ነው። 6ኛው ለጊዜው ጠፋ።

8ኛው ከእስራኤል ነው፣ በመከላከያ ሠራዊት ያገለገለ ወጣት። እነሱ ጋ በርሜል የሚጠረግበት ጨርቅ ፍላኔሊት፣ ዘንጉም ሖተር ይባላል፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አዛዡ አይለቅም። የእነሱ ጥይት ጨው የለበትም፣ የሚጠርጉት የባሩዱን ጥላሸት ነው። ዘይት ማብዛትን ግን ከእኛ ሁሉ አጥብቆ የተቃወመው እሱ ነው። ኔጌቭ በረሃ ላይ ዘይት የበዛበት መሣሪያ አሸዋውን ለቅሞ ሊጥ ይሆናል። ከቨርጂኒያ ምድር ቤት ጋር የሚገናኝ አይመስልም፤ ግን በኋላ እንዳየሁት የእኔም ማቀባበያ ውስጥ ዘይቱና ባሩዱ ተላቁጠው ጥቁር ቅባት ሠርተው ነበር።

9ኛው የቀድሞ ወታደር ነው። ክላሽ ሰደፉ ውስጥ የራሱ መወልወያ ዕቃ ያለው፣ ዘንጉም ከበርሜሉ ሥር የተሰካ መሆኑን አስታውሶ ጀመረ፣ ይህንን ደግሞ ማን ያጣዋል። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የክላሽ በርሜል ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ቸልታን ይችላል፤ ጨዋማ ጥይት የተተኮሰበት እንደሆነ ቀድሞ የሚዝገው የባሩዱ ጋዝ የሚገፋው ፒስተንና የጋዙ ቱቦ ነው። ብዙ ሰው በርሜሉን አብረቅርቆ እዚያ ይረሳል። ሶቭየቶች ያስተማሯቸው የበርሜል ማጠቢያ በውሃ የሚበጠበጥ አሞኒየም ካርቦኔትና ጥቂት ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነበር። 10ኛው መልስ የዚያችው የሜሪላንዷ እህት ነው፤ ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ መርዝ ስለሆነ ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው፣ እዚያ ድብልቅ ውስጥም ጨዉን የሚያነሳው ውሃው እንደሆነ አስጠነቀቀች። 11ኛው ወዲያው የመስታወት ማጽጃ፣ ዊንዴክስ፣ አሞኒያው ጨዉን ያመክነዋል ሲል ብቅ አለ። ሳይንቲስቷ ትዕግሥቷ ያለቀ ይመስለኛል፤ መልሷን እዚያው ከ10ኛው ሥር ጨመረችበት። አሞኒያ ጨውን አያመክንም፣ ዊንዴክስም የሚሠራው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው፣ ውሃ ደግሞ ከቧንቧ በነፃ ይወርዳል።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። 12ኛው ዒላማ ተወዳዳሪ ነው፣ አትላንታ። በጽዳት የተበላሸ በርሜል በተኩስ ከተበላሸው ይበልጣል የሚል አቋም ያለው። ትንሽ ጥይት በሚተኩሰው .22 ጠመንጃው ብዙ መቶ ጥይት ሳይጠርግ ይተኩሳል፤ የጥይቱ እርሳስ ሰም ስለተቀባ በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ሽፋን ራሱ ይጠብቀዋል። የፈራው ዘንጉን ነው። ዘንግ ከአፈሙዝ በኩል የሚያስገባ ሰው የአፈሙዙን ከንፈር ይፍቀዋል፤ ጥይቱ በመጨረሻ የሚሰናበተው ያንን ከንፈር ነውና ጥቂት ብቻ ቢጎድል ዒላማው ይበተናል። ስለዚህ ማቀባበያውን አውጥቶ ከኋላ መግባት፣ ሙሉ ወጥ የሆነ ዘንግ መጠቀም፣ የነሐሱን ብሩሽ መሀል መንገድ ላይ አለመመለስ፣ እስኪወጣ መግፋት። ከመተኮስ በፊት ደግሞ በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ ማጥራት። ዘይት ባለበት በርሜል የተተኮሰች የመጀመሪያዋ ጥይት ከጓደኞቿ ተለይታ ነው የምታርፈው። ጥይት የሚጎርስበት ጎሬ በዘይት ከረጠበ ደግሞ ቀለሁ ግድግዳውን ይዞ መቆም አቅቶት ማቀባበያውን አለልክ ወደ ኋላ ይገፋል።

13ኛው ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። አባቱ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመቱ ናቸው፤ መሣሪያ ያለመጠረግ የሚባል ነገር በእሳቸው ቤት ነውር ነበር። ጨዋማ ጥይት የተተኮሰበት መሣሪያ ሦስት ቀን በተከታታይ ይጠረጋል፣ ሕጉ ይህ ነው፣ ሌላው የሰነፍ ፍልስፍና ነው አለ። በኮሪያ ብርድ ዘይት ረግቶ መሣሪያ እንደሚያስር አባቱ የነገሩትን ጨመረበት፣ ለምን እንዳነሳው ግን አልገባኝም። 12ኛው መልሱን አርሞ አርሞ ሁለት ገጽ አደረሰው፣ 13ኛውም እንዲሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ዓይነት ጥይት ነው። የአሜሪካ ጦር የ.30-06 ጠመንጃ ጥይት እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው ጨዋማ ነበር፤ ኤም 1 ካርባይን የሚባለው አጭር ጠመንጃ ጥይት ግን ከመጀመሪያውም ጨው የሌለበት ነበር፣ የጋዝ ክፍሉን ወታደሩ ፈትቶ እንዲያጸዳው ስላልታሰበ። ይህን ጻፍኩላቸው። የሰማኝ ሰው አልነበረም።

ከ14ኛው እስከ 17ኛው ከነገሩ ወጣን። 6ኛው ተመልሶ መጥቶ ጠመንጃዬ ምንሽር እንደሆነ አወጀ። 15ኛው ምንሽር የሚለው ስም ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጣ ስለሆነ የቤልጅየም ማውዘርን ምንሽር ማለት ፔጆን ቶዮታ እንደማለት ነው ሲል አረመው፤ ትክክለኛው ስም ቤልጅግ ነው። 16ኛው በበኩሉ በርሜል የምንለውን ሁሉ አፈሙዝ ማለት እንዳለብን፣ በርሜል የጋዝና የጠላ ዕቃ እንደሆነ ተከራከረ። አባቴ እንኳን ማውዘሩን፣ ጣሊያን ሠራሹን ካርካኖም ምንሽር ነበር የሚሉት፤ አርሙ ብትሏቸው የሚሰሙ ሰው አልነበሩም። አፈሙዝ ስል አፉን፣ በርሜል ስል ሙሉ ቱቦውን ማለቴ ነው፤ የሚከፋው ይከፋው። 17ኛው ዲሞትፈር የሚለው የጠመንጃ ስም ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠው፣ አንዳቸውም አላሳመኑኝም።

18ኛው ከባዱ ነበር። የአባቶች መሣሪያ በኪሎ ተመዝኖ ለባዕድ ሲሸጥ እኛ ስለ ዘይት እናወራለን ብሎ ሁላችንንም ወቀሰ፤ እኔን የገዛሁትን ደግሞ ለይቶ። ቃሉ አስከፍቶኛል፣ ሐሰት ነው ግን ልለው አልቻልኩም። መጋዘን ውስጥ በዝገት ከሚያልቅ እኔ እጅ ቢገባ ይሻላል የሚለው መከራከሪያዬ፣ በገዛ እጄ ዝገት ካመጣሁበት በኋላ ጉልበት የለውም። ከሥሩ አንድ ሰው ታዲያ መልሰን ብናስገባውስ ብሎ ሲጠይቅ፣ አወያዩ በ19ኛው ጣልቃ ገባ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንዳለ፣ መሣሪያ ማስገባት የፈለገ አዋጁን እንጂ እኛን እንደማይጠይቅ ገልጾ፣ ወደ ጽዳቱ እንድንመለስ አዘዘ።

20ኛው መልስ አጭርና ቁጡ ነበር፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ይህን የሚያህል ዕድሜ ያለው ጠመንጃ ከመተኮሴ በፊት፣ የጎሬውና የማቀባበያው ልክ አሁንም እንደተጠበቀ በባለሙያ አስለክቼ እንደሆነ ጠየቀ። አላስለካሁም። ከዚያው ክምችት የ1888ቱን የጀርመን ጠመንጃ የገዛ ካለም በርሜሉን ሳያስለካ እንዳይተኩስ አስጠነቀቀ። የዚያ ጠመንጃ የመጀመሪያዎቹ በርሜሎች ለ8.1 ሚሊ ሜትር እርሳስ የተሠሩ ናቸው፣ በኋላ የመጣው ጥይት እርሳስ ደግሞ 8.2 ነው። አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፣ የባሩዱን ግፊት ግን ወዳልታሰበበት ያደርሳል። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃዬን ወስጄ አስለክቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ሊሆን የሚችለውን ሳስብ ግን ከዝገቱ ይልቅ ይህ እንቅልፍ ነሳኝ።

21ኛው አናጢ ነው። ስለ በርሜሉ ምንም አላለም፣ ማኅደሩንና እንጨቱን ግን አልተወም። ቆዳ ርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋም የገባበት ጨውና ኬሚካል ውስጡ አለ፤ ጠመንጃ ተሸክሞ መንገድ ለመሄድ እንጂ ለማሳደር አይሆንም። ጠመንጃ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሲቆም የበርሜሉ ዘይት ወደ ታች እየወረደ ሰደፉን ያለሰልሰዋል፤ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማቆም ይሻላል። ለእንጨቱ የተልባ ዘይት የቆየ መድኃኒት ነው። በዚያው አንድ ነገር አከለ፣ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ተልባና ኑግ አየር ሲነካቸው ይደርቃሉ፣ በርሜል ወይም ማቀባበያ ውስጥ ከገቡ እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃሉ። ይህን ያለው ወጥ ቤት ያለውን ዘይት ለመጠቀም ያሰበ አንድ ሰው በግል መልእክት ጠይቆት እንደነበረ ጠቅሶ ነው።

22ኛው የእኔ ነው። ረቡዕ ማታ ጥይት አለመኖሩን ሁለቴ አይቼ ማቀባበያውን አወጣሁ፣ በርሜሉን ወደ ባልዲ ደፍቼ ውሃው ከእንጨቱ ሥር እንዳይገባ በላስቲክ ቱቦ ከኋላ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። ሦስት ማንቆርቆሪያ ሙሉ። በርሜሉ በጓንትም አልያዝ እስኪል ጋለ። የማቀባበያውን ፊትና መርፌውንም አጠብኩ፣ ጨዉ እዚያም አለና። በጨርቅ አደረቅሁ፣ ጨርቅ ከማይደርስበት ውሃውን እንዲገፋ ያን የተሰደበውን ደብልዩ ዲ 40 ነፋሁ፣ እሱንም ጠርጌ በመጨረሻ ስስ የጠመንጃ ዘይት አሳለፍኩ። በማግስቱ የገባው ጨርቅ ቡናማ ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ግራጫ፤ ዛሬ ነጭ ነው። በባትሪ ሳየው ግን ከተጠመዘዙት ቦዮች በአንዱ ላይ፣ ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ ጉድጓዶች አሉ። የድሮ ይሁኑ የእኔ መለየት አልቻልኩም። ስገዛው በባትሪ አላየሁትምና።

23ኛው የዳላሱ አዛውንት ናቸው። ሥራዬን አመስግነው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ማንቆርቆሪያው የማን ነበር? የባለቤቴ ነበር። እሷ አዲስ ገዝታለች፣ የድሮው ምድር ቤት ከጠመንጃው ጎን ተቀምጧል።